የጓሮው በር

ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከመምህርት ወንጌላዊት ጎን የተቀመጡት አዛውንት እናት ስልክ ከእጃቸው አይለይም። ገዋኔ ላይ ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ለባለቤታቸው ደወሉ።

«አንተ ሰው፣ የጓሮውን በር ዘግቼው ነበር እንዴ? እስቲ እይልኝ።» ጥቂት ቆይተው፣ «አልሀምዱሊላህ! ያላንተ ምን ይውጠኝ ነበር?»

አዳይቱ ሲደርሱ ደግሞ ደውለው የእሱን ምሳ የት እንዳስቀመጡለት እንደጠፋቸው ነገሩት። ሰውየው ቤት ውስጥ ፈልገው አገኙት። «በል ሳይቀዘቅዝ ብላው» አሏቸው።

ወንጌላዊት ሳቋ አመለጣት። «እማማ፣ ራስዎንስ ይዘው መጥተዋል?»

«ጠዋት ቁርስ የበላንበት ቤት ረስተሽው የወጣሽውን ስልክ ሮጬ ያመጣሁልሽ እኔ አይደለሁ?»

«እኔማ ሐሳብ በዝቶብኝ ነው።»

«አዬ! ወጣት ሲረሳ ሐሳብ፣ ሽማግሌ ሲረሳ እርጅና!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሩንም ዘግቼዋለሁ፣ ምሳውም የት እንዳለ አውቃለሁ። የሚረሳው እሱ ነው። ‹ረሳህ› ስለው ይከፋዋል፤ ‹ረሳሁ› ስለው ግን ደስ ብሎት ይነሳል።»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ስልኩ ጮኸ። «የት ሄደሽ ነው?» የሚለው የባለቤታቸው ድምፅ ለወንጌላዊትም ተሰማት።



«ሰመራ፣ ልጃችን ዘንድ እየሄድኩ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አፉ በለኝ፣ ልነግርህ ረስቼ ነው።»