የጎሚስታው ስለት

ንፋስ መውጫ ላይ ጎማው የፈነዳበት ሹፌር ሁሉ እሸቱን ያውቀዋል። ጎሚስታ ነው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ በምትገኘው የቆርቆሮ ሱቁ ደጃፍ፣ በካላማዳሪና በቸርኬ ክምር መካከል ቁጢጥ ብሎ ያገኙታል። እጁ ፈጣን ነው፤ ምላሱ ከእጁ ይብሳል። ቂም ለመርሳት ብቻ አይቸኩልም። ክሪኩን ተውሶ ያቆየበትን ጎረቤቱን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰላም ብሎት አያውቅም። ሰውየው ክሪኩን ከመለሰ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል።

እንዲህ ያለ ሰው የስኬቲንግ አሠልጣኝ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ ሆነ እንጂ። ልጅ ሳለ ወላጆቹ ድጓ እንዲማር በድጓ ትምህርት ወደታወቀው ደብር ወደ ቤተ ልሔም ልከውት ነበር። ሦስት ዓመት ቁራሽ እየለመነ ተማረና ትምህርቱን ሳይጨርስ፣ ከየኔታ ምርቃት ሳይቀበል፣ አንድ አርብ ቀን አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ወርዶ እህል የጫነ መኪና ላይ ተንጠለጠለና ጠፋ። ረዳት ሆነ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ተቀጠረ፣ እዚያም የሰፈር ልጆች ባለ ጎማ ጫማ አድርገው አስፋልት ላይ ሲንሸራተቱ አየና ልቡ ሸፈተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከእነዚያ ውርጋጦች ጋር እየተጋፋ ተማረ። ወደ አገሩ ሲመለስ የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰርና አንድ ጥንድ ያረጀ የስኬቲንግ ጫማ ይዞ መጣ።

ልምምዱ በገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ተከፋፍሎ ካለቀ ጀምሮ አዲሱ ገብስና ስንዴ እስኪገባ መጋዘኑ ባዶውን ይውላል፣ ወለሉም ልስን ሲሚንቶ ነው። እሸቱ ዘበኛውን ለመነና ልጆች ሰበሰበ። ጫማ ለሌላቸው አሮጌ ኩሽኔታ ጣውላ ላይ እየመታ ሠራላቸው። ከዚያ ሁሉ ልጅ ሁለቱ ወጡለት፤ ደምሌና ራሄል። ደምሌ ትከሻው ሰፊ፣ ራሄል ቅልል ያለችና ፍርሃት የማታውቅ ነበረች። ጥንድ አደረጋቸው። ደምሌ እየተንሸራተተ ወገቧን ይዞ ከራሱ በላይ ሲያነሣትና እሷ እላይ ሆና እጆቿን ስትዘረጋ፣ እሸቱ ሱቁ ደጅ የተገተረውን መኪና ከነሹፌሩ ይረሳው ነበር።

አንድ ሕግ ነበረው፤ አወዳደቅ የሚያስተምረው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው እንዴት ተጠቅልሎ እንደሚወድቅ፣ እጅ ተሰብስቦ ትከሻ እንደሚቀድም አሳምሮ ያውቃል፤ ግን አያሳይም። የቤተ ልሔሙ የኔታ ተማሪው ቀድሞ በቃኝ እንዳይል አንዲት ነገር ለመጨረሻ ያስቀሩ ነበር። እሸቱ ራሱ ያችን ነገር ሳያገኝ ነው የጠፋው፤ ይህን ግን አያነሣውም። "መውደቁን አስቀድሜ ካሳየኋችሁ መውደቁ ይቀላችኋል" ይላል። ራሄል ሦስት ጊዜ ጠይቃዋለች። በሦስተኛው ጊዜ ክርኗ አብጦ የሹራቧ እጅጌ አልገባ ብሏት ነበር።

"ጋሼ፣ ኧረ አወዳደቁን ያሳዩን" አለችው።

"ሲደርስ።"

"መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ስትበቂ።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ከመጋዘኑ ቀሩ። አዲስ አበባ አንድ ክለብ ገቡ ተባለ። ደህና ይሁኑ እንኳ አላሉትም። ያንንስ በመከራ ዋጠው። ያንገበገበው በዓመቱ የሆነው ነው። አንድ የሚኒባስ ረዳት "ልጆችህ እኮ ታወቁ" ብሎ ስልኩን አቀበለው። ደምሌ አንጸባራቂ ልብስ ለብሶ ማይክሮፎን ፊት ቆሟል። "ማን አስተማራችሁ?" ሲሉት ሳቅ ብሎ "ራሳችን ነን፤ አስተማሪ አልነበረንም" ይላል። ራሄል አጠገቡ መሬት መሬት ታያለች። እሸቱ ቪዲዮውን ወደ ራሱ ስልክ አስላከው። ጎማ እየነፋ አየው፣ ምሳ እየበላ አየው። "አልነበረንም" የምትለዋ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ይሰማታል።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ተሳለ። ሌላው ሰው ልጅ ስጪኝ፣ ከደዌዬ ፈውሺኝ ብሎ ይሳላል። እሸቱ ግን ግንባሩን ከደጀ ሰላሙ ግንብ አስደግፎ "እመቤቴ፣ እነዚያ ሁለቱ ሰው ፊት ሲወድቁ በዓይኔ ካሳየሽኝ ለቤተ ልሔም ባለ ወርቅ ዘቦ ዣንጥላ አስገባለሁ" አለ። ትንሽ ደንገጥ ብሎም ነበር። "ይሙቱ አላልኩም እኮ፤ ይውደቁ ነው ያልኩት" ብሎ ራሱን አጽናና።

ቂም ሥራ ያሠራል። አዲስ ጥንድ አወጣ፤ ባጃጅ ነጂው ልመንህና የእሸቱ የእኅት ልጅ ምስራቅ። ምስራቅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ንግግሯ ጥቂት፣ ታዛዥ፣ አጎቷ ዝለይ ካላት የምትዘል። ሀገር አቀፍ የጥንድ ስኬቲንግ ሻምፒዮና አዲስ አበባ እንደሚደረግ በተሰማ ጊዜ እሸቱ ሱቁን ለግማሽ ቀን መዝጋት ጀመረ። ደንበኛው ሁሉ ተማረረ። ልምምዱ ደምሌና ራሄል የሚሠሩትን በስልክ አይቶ፣ ያንኑ አክብዶ ማሠራት ሆነ።

"ደምሌ በሁለት እጁ የሚያነሣትን አንተ በአንድ እጅህ ታነሣታለህ" አለው ልመንህን።

"በአንድ እጅ ይከብዳል፣ ጋሼ።"

"ለዚህ እኮ ነው የምታደርገው!"

አንድ ቀን ምስራቅ ከልመንህ ትከሻ ላይ ወርዳ ወገቧን እየያዘች "ጋሼ፣ እዚያ ብወድቅስ?" አለችው።

"የምትወድቀው እሷ ናት" አለ እሸቱ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

መንገዱ አንዴ እየተዘጋ አንዴ እየተከፈተ ነበርና ክፍት በሆነባት ሳምንት ሦስቱም አዲስ አበባ ገቡ። ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን ተወዳዳሪው ሁሉ በየተራ አዳራሹ ውስጥ ሲለማመድ፣ እሸቱ የምስራቅን ጫማ እያጠበቀ ሳለ ከኋላው "ጋሼ" የሚል ድምፅ ሰማ። ራሄል ናት። ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እሸቱ ግን እግሩን ሰበሰበ። ደምሌ ራቅ ብሎ ጫማውን የሚያይ መሰለ።

"ሲለማመዱ አየኋቸው። ምስራቅ ስትወርድ እጇን ታስቀድማለች፣ ጋሼ። ያቺ በአንድ እጅ የምትነሣዋ ከፍ ትላለች። ብትስት..." ብላ ጀመረች።

"አስተማሪ ሳይኖርሽ አሠልጣኝ ሆንሽ?"

ራሄል ፊቷ ቀላ። "ዛሬ ማታ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝና ላሳያት" አለች።

"የኔን ልጅ ለኔ ተይልኝ!" ብሎ ዞረ። አዳራሹን አቋርጦ ሲሄድ የተሰማው ደስታ ነበር። ተማጽናው እምቢ ብሏታል፤ ይህን ቀን ሁለት ዓመት ጠብቆታል። ምስራቅ እሱ ትቶት የሄደውን የጫማዋን ማሰሪያ ራሷ አጠበቀች፤ ሁሉን ሰምታለች።

በማግሥቱ ደምሌና ራሄል ቀድመው ወጡ። ሙዚቃው ተጀመረ፣ ዞሩ፣ ተቃቀፉ፣ ተለያዩ። እሸቱ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ያየው ሰው ዳዊት የሚደግም ይመስለዋል። እሱ ግን "ውደቁ፣ ውደቁ" ነው የሚለው። ደምሌ ራሄልን አንሥቶ ሁለት ዙር ከዞረ በኋላ የቀኝ እግሩ ትንሽ አመለጠው፣ እሷም ከላይ ወረደች፤ ወደቀች!

"ተመስገን፣ እመቤቴ!" አለ እሸቱ ብድግ ብሎ። ድምፁ ከሙዚቃው በላይ ወጥቶ ሁሉም ሰማው። ከፊቱ የተቀመጡት ዞረው አዩት።

ራሄል ግን እጇን ደረቷ ላይ ሰብስባ፣ በትከሻዋ ዞራ፣ በዚያው መዞር ላይ በጉልበቷ ተነሥታ ነበር። ሙዚቃው ሳይቀድማት ደምሌን ያዘችው። ሕዝቡ ከወደቀች በኋላ ያጨበጨበው ከመውደቋ በፊት ካጨበጨበው በለጠ። እሸቱ ቆሞ ቀረ። የለመነው ተፈጽሞለታል፤ በዓይኑ አይቷል። ግን አንዲት የምትጣፍጥ ነገር አላገኘበትም፣ ለመቀመጥ እንኳ ጊዜ ወሰደበት።

ቀጥሎ ልመንህና ምስራቅ ተጠሩ። ልጆቹ ሲያልፉ እሸቱ አንድ ነገር ሊላቸው አፉን ከፈተ። "ያቺን በአንድ እጅ የምትነሣዋን ተዉአት" ሊል ነበር። ከዚያ ደምሌ ላቡን እየጠረገ ሲስቅ አየውና ንዴቱ ተመለሰ። "አሳዩአቸው" አለ።

አሳዩ ደግሞ። እስከ ግማሹ ድረስ ከእነሱ በፊት የታየውን ሁሉ አስረሱ፤ እነዚህ ከየት መጡ እያለ ሰው ይጠያየቅ ነበር። ልመንህ በአንድ እጁ አነሣት። ምስራቅ እላይ ቀጥ አለች። የልመንህ ክርን ሲንቀጠቀጥ እሸቱ ከሁሉ ሰው በፊት አየ። "እጅሽን!" ብሎ ጮኸ፤ ይህን ቃል ግን ከዚያ በፊት ነግሯት አያውቅም፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ከየት ታውቀዋለች? ከላይ ስትወድቅ እጇን ዘርግታ መሬቱን ልትይዝ ሄደች። የአጥንቱ ድምፅ እስከ አግዳሚው ተሰማ።

ቀድማ የደረሰችው ራሄል ናት። የምስራቅን ራስ ጉልበቷ ላይ አድርጋ "አትንቀሳቀሺ፣ እኔ አለሁ" ትላታለች። እሸቱ እየሮጠ ደርሶ አጠገባቸው ወደቀ ማለት ይቀላል። ምስራቅ ስታየው አለቀሰች።

"እኛም የሄድነው ለዚህ ነበር፣ ጋሼ" አለች ራሄል ቀና ብላ። ቁጣ አልነበረባትም። "ፈርቼ ነው የሄድኩት። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩዎ።"

ደምሌ የምስራቅን ጫማ ከእግሯ እየፈታ ነበር። ስለዚያ ቪዲዮ አላነሣም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። እሸቱም ያን ጊዜ ትዝ አላለውም።

ንፋስ መውጫ ከተመለሱ በኋላ እሸቱ ስለቱን ለመሸሽ ያላሰበው ሰበብ የለም። ወድቃ ተነሥታለች፤ ሁለቱ ሳይሆኑ አንዷ ብቻ ናት የወደቀችው፤ ይህ ይቆጠራል? ልቡ ግን አላመነውም። ሲወድቁ አሳዪኝ ብሏል፣ አሳይታዋለች፣ ያላሰበውንም ጨምራ። ዣንጥላውን ገዛ። ምስራቅ "እኔም እሄዳለሁ" አለች፤ እጇ ጀሶ ተደርጎበት፣ በነጠላ አንገቷ ላይ ታስሮ ነበር። እስከሚችሉት በሚኒባስ፣ የቀረውን በእግር ሄደው ቤተ ልሔም ደረሱ።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ዣንጥላውን የተቀበሉት መሪጌታ ወልደማርያም ናቸው። ድሮ ከእሸቱ ጋር አንድ ጎጆ ያደሩ፣ እሱ ሲጠፋ የቀሩ፣ ትምህርቱን የጨረሱ ሰው። ዣንጥላውን ዘርግተው ዘቦውን አዩና ደስ አላቸው።

"ስለትህ ደረሰልህ?" አሉት።

"ደረሰልኝ፣ መሪጌታ።"

"እሰይ! ለሕዝቡ ልንገርልህ። እመቤታችን ምን አደረገችልህ?"

እሸቱ ምስራቅን አያት። እሷም የአጎቷን አፍ እየጠበቀች ነበር፤ ስለቱ ምን እንደነበር ማንም ነግሯት አያውቅም። ያ መዓት ምላስ ያለው ሰው ዓይኑን ወደ ጀሶዋ መለሰ።

"ሲወድቁ አሳየችኝ" አለ በመጨረሻ።

መሪጌታ ግራ ገባቸው። ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እነማን? ጠላቶችህ?" አሉት።

"ልጆቼ" አለ እሸቱ።

መሪጌታ ዣንጥላውን እንደ ዘረጉት ቆሙ። ከወዲያ በኩል የነበሩት ሴቶች ግን ዘቦው በፀሐይ ሲያንጸባርቅ አይተው የተለመደውን እልልታቸውን አቀለጡት።