የሐና እናት ሲደውሉ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ ቤቴ ብመለስ ደረቴ የሚፈነዳ ስለመሰለኝ ነው የተነሣሁት። ማይክ መያዝ አልለመድኩም። እዚያ ጥግ የተቀመጣችሁ ተማሪዎቼ አትሳቁብኝ፤ ጀግና የምመስለው ስቆጣ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ሳይጠፋብን ልቀጥል።

ለማታውቁኝ፣ እዚሁ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ነው የምኖረው፤ ሙያዬ ነርስ ነው። የጤና ተማሪዎች ከአዲስ አበባ እየመጡ ከጁባ ተማሪዎች ጋር ስለ ማኅበረሰብና ስለ ዓለም ጤና የሚማሩበት ፕሮግራም አለ፤ ከሚመሩት አንዷ እኔ ነኝ። ቤት ለቤት እየሄድን ስለ ውሃ፣ ስለ ወባ፣ ስለ ሕፃናት ክትባት እንጠይቃለን። የእኔ ዋና ሥራ ግን መጨነቅ ነበር። እውነቴን ነው! ውሃው ፈልቷል? ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ላይ ማን ወጣ? ማን ቀረ? ስቆጥራቸው እውላለሁ። ጌታን አላውቀውም ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለሰርግና ለለቅሶ ነው። ጸልዪ የሚለኝ ሰው ሲመጣ፣ "እኔ ጊዜ የለኝም፣ አንተ ጸልይልኝ" እያልኩ እቀልድ ነበር።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ከመጡት ተማሪዎች አንዷ ሐና ናት። ለእናቷ አንድ ልጅ ናት። እናቷ ወይዘሮ አስቴር፣ አውሮፕላኑ ገና ሳይነሣ ደውለው፣ "ሲስተርዬ፣ ልጄን አደራ። የምድር አደራ፣ የሰማይ አደራ" አሉኝ። ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሣችኝ። አደራ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

መጀመሪያ ከጁባ ወጣ ብላ ወዳለችው ረጃፍ ወርደን፣ ወንዙ ዳር ከሚኖሩ ቤተሰቦች ጋር ጥቂት ቀን ሰነበትን። ወደ ከተማ ተመልሰን ሳምንት ካለፈ በኋላ ሐና ራሴን አመመኝ አለች። ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ትውከት። በማግስቱ ጠዋት ልቀሰቅሳት ስገባ ዓይኗ ተገልጧል፤ እኔን ግን አታየኝም። "ሐና!" ስላት ከሌላ ሰው ጋር ታወራለች። ተሸክመን ክሊኒክ አደረስናት።

ሐኪሙ ዶክተር ቾል ኢትዮጵያ ያደገ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። የደም ምርመራውን አይቶ፣ "ሲስተር፣ ወባው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል። አጎበር ውስጥ አትተኛም እንዴ?" አለኝ።

"እንዴት አትተኛም? እኔ እያለሁ!" ብዬ ተቆጣሁ።

ልብስ ላመጣላት ክፍሏ ስሄድ ግን ከአልጋዋ በላይ አጎበር የለም። አብራት የምታድረው ተማሪ፣ ሜሮን፣ ማልቀስ ጀመረች። "ረጃፍ ባረፍንበት ግቢ ላለችው አራስ ሰጠቻት። 'ሕፃኑን ትንኝ ሲበላው እያየሁ እንዴት ይዤው እመለሳለሁ?' አለች። እንዳትናገሪ ብላኝ ነው ሲስተር።" አጎበር ሕይወት ያድናል ብለን ያስተማርናት እኛው ነን። ልጅቷ ከልቧ ሰማችን።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ በረንዳ ላይ ጠራኝ። "መርፌውን ጀምረናል። እስከ ነገ ካልነቃች ግን እፈራለሁ። ለቤተሰቧ ንገሪ" አለኝ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ አስቴር!

የእኛን ነገር ታውቃላችሁ። በሰው አገር የታመመ ሰው ቤተሰብ ሲደውል፣ "ደህና ነው፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞት ተኝቷል" እንላለን። ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። እኔም አንድ ቀን ቀደም ብዬ "ፊልድ ናት፣ ኔትወርክ የለም" ብያቸዋለሁ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ደግሞ ጠራ። አንሥቼ "ደህና ናት" ልል አፌን ስከፍት ለቅሶ ቀደመኝ።

"ወይዘሮ አስቴር፣ አደራዎን መጠበቅ አልቻልኩም። ሐና በጣም ታማለች። ራሷን አታውቅም።"

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣ "ልጄ፣ እውነቱን ስለነገርሽኝ ጌታ ይባርክሽ። ባትነግሪኝ ምን ብዬ እጸልይ ነበር? ሐናን ለአንቺ አደራ ከማለቴ በፊት ለእሱ ነው የሰጠኋት። በይ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ" አሉኝ።

አደረግሁ። ጩኸት የለ፣ ልመና ብቻ። "ጌታ ሆይ፣ ልጄ በእጅህ ናት። ማርልኝ። ይህችንም እህቴን አስባት፤ ጭንቁን ብቻዋን ተሸክማዋለች።" ስለ እኔ እኮ ነው! ልጃቸው እዚያ ተኝታ፣ ስለ እኔ! ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ። "ኢየሱስ ሆይ፣ እኔ አልቻልኩም። ልጅቷንም እኔንም ተቀበለን" አልኩ። የመጀመሪያ ጸሎቴ ያቺ ናት።

ሐና ያን ሰዓት አልነቃችም፤ አልዋሻችሁም። ፍርሃቴም አልሄደም። ግን አጠገቤ ሰው የቆመ ያህል ሆነልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ቾል ባትሪ ዓይኗ ላይ ሲያበራ ፊቷን አዞረች። "ኧረ ተወኝ!" አለችው። ሃሌሉያ! ዶክተሩ እየሳቀ፣ "ሲስተር፣ ተቆጥታኛለች፤ ተርፋለች" አለኝ። መድኃኒቱ ነው የሠራው የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎ፣ ሠራ! እኔ ነርስ ነኝ፣ መርፌ አልንቅም። ግን ያንኑ መርፌ ተወግተው ከአልጋ ያልተነሡም አይቻለሁ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ሐና ዛሬ አዲስ አበባ ትምህርቷን ቀጥላለች። እኔም ጌታ ይመስገን፣ ተጠምቄ ከእናንተ ጋር ነኝ። በዚህ ሳምንት ደግሞ ከአዲሶቹ ተማሪዎች ጋር ረጃፍ እንወርዳለን። አንዱ "ራሴን አመመኝ" ሲል አሁንም ሮጬ ትኩሳቱን እለካለሁ። አማኝ አይጨነቅም የሚለኝ ካለ እሱ መጥቶ ተማሪዎቹን ይምራልኝ! እኔ አሁን ሲጨንቀኝ ለማን እንደምናገር አውቃለሁ።

እዚህ የተቀመጥሽ እህቴ፣ ቤተሰብ ሲደውል "ደህና ነኝ" ብለሽ ስልኩን ዘግተሽ የምታለቅሺ፤ አንተም ወንድሜ። ጌታን "ደህና ነኝ" አትበሉት። ያለውን ንገሩት። እሱ አይደነግጥም።