የዳውድ ሰቢል

በካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር፣ ከጥቁር ዓባይ ብዙም ሳይርቅ፣ ባለቤቶቹ ጦርነቱን ሸሽተው ካይሮ የገቡ አንድ ባለሁለት ፎቅ ቤት አለ። ከበሩ ፊት ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ በብረት ማቆሚያ ላይ ሁለት ትልልቅ የሸክላ ጋኖች ተቀምጠዋል፤ ሱዳኖች ዚር ይሏቸዋል። በክዳናቸው ላይ በሰንሰለት የታሰረ የቆርቆሮ ኩባያ ተደፍቷል። ጋኖቹን የምትሞላው ቤቱን እንድትጠብቅ የተተወችው ሙሚና ናት።

ሙሚና ኩታበር ተወልዳ፣ በመተማ ተሻግራ ካርቱም ስትገባ፣ ከዓረብኛ የምታውቀው የሶላቷን ብቻ ነበር። እዚሁ ቤት ልብስ አጣቢ፣ ኋላም አብሳይ፣ በመጨረሻ የቁልፉ ሁሉ ባለዐደራ ሆነች። የቤቱን ዘበኛ ዳውድን ያገባችውም እዚሁ ነው። በጦርነቱ መካከል የስኳር መድኃኒቱ ሲያልቅበት ዳውድ ውኃ ውኃ እያለ ሞተ። በዚያ ሰሞን ቧንቧው ደርቆ፣ በአህያ ጋሪ ውኃ የሚያዞሩትም ተኩሱን ፈርተው ቀርተው ነበር።

ተኩሱ ሲርቅ ሙሚና በስሙ ሰቢል አቆመችለት፤ መንገደኛ ሁሉ በነጻ የሚጠጣው የምጽዋት ውኃ። የጠጣ ሰው ኩባያውን ከመመለሱ በፊት «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሙሚና «የዳውድ» ትላለች። መንገደኛው «አላህ ይማረው» ብሎ ያልፋል። ይህን በሰማች ቁጥር የባሏ ጥም አንድ ጉንጭ የቀነሰ ይመስላታል።

በክረምቱ አጋማሽ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ውኃ የሚሰጠው ቧንቧ እንደገና አንኮራፋ፣ አየር ተፋ፤ ከዚያም ጭቃ የመሰለ ውኃ አፈሰሰ።

«ሞያ፣ ውኃው መጣ! ያ ሙሚና፣ መንግሥት አስታወሰን!» ሲል ከአጥሩ ማዶ ጮኸ ሽማግሌው ኦመር፤ የጎረቤቱን ባዶ ቤት የሚጠብቀው እርሱ ነው።

«መንግሥት አይደለም አሚ ኦመር፣ ኩታበር ናት ያስታወሰችን። መልኩን አያዩትም? የእናቴ ማሳ አፈር ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የበሸሎ ወንዝ ያጥበዋል፣ በሸሎ ለዓባይ ይሰጠዋል፣ ዓባይ እዚህ ድረስ ይሸከመዋል።»

«ወላሂ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የእናትሽን ማሳ ስንጠጣ ኖረናላ! ግብር እንዳትጠይቀን።»

«ይጠጡ። የአገሬ አፈር ሰው አይጎዳም።»

ይህን የምትለው ለቀልድ ብቻ አልነበረም። ጋኑ ጭቃውን አዝቅጦ ሲያድር፣ ጠዋት ላይ የሚቀዳው ውኃ የኩባያውን ታች ጭረት ሳይቀር ያሳያል። ለሙሚና የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነበር፤ የሚያስፈራው ነገር አፈሩ ከሆነ፣ አፈሩ ደግሞ የገዛ አገሯ ነው።

በአንድ ክሊኒክ በጽዳት የምትሠራው ጎረቤቷ ራሔል ከሥራ ስትመለስ በጋኑ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ ሙሚና፣ ከዚህ ሰው እየጠጣ ነው?»

«ታዲያ ሊዋኝበት ኖሯል?»

«አይቀልዱ። ውኃው ሳይጣራ ነው የሚለቀቀው። ቧንቧው በተሰበረበት ሁሉ የሽንት ቤት ፍሳሽ ይገባበታል። እኛ ዘንድ አልጋው ሞልቶ ኮሌራ የያዘውን ሰው መሬት ላይ ነው የምናስተኛው።»

«እስቲ እይው፤ ምን ይታይሻል?»

«ኮሌራ በዓይን ቢታይማ እኔው በመጥረጊያ ባባረርሁት። ይፈላ፣ አለዚያም ክሎሪን ይግባበት።»

«እሺ፤ ክሎሪኑን ስጪኝ።»

«ለሕሙማኑም አልበቃ።»

«ሁለት ጋን ሙሉ ውኃስ በምን ላፍላ? ጋዝ የለ፣ ከሰል የለ። የጌቶቼን ወንበር ልማግድ?»

ራሔል ወደ ቤቱ ተመለከተች፤ ወንበሮቹንም ዘራፊዎች እንደወሰዷቸው ታውቅ ነበር። መንገዷን ቀጠለች።

በማግሥቱ ኦመርን በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ክሊኒክ ወሰዱት፤ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ቆዳው ተሸብሽቦ። ከዚህ ጋን ይሁን፣ መንገድ ላይ ከገዛው ሐብሐብ ይሁን፣ የሚመረምርም ሆነ የሚነግራት አልነበረም። ሙሚና ጋሪው ከዓይኗ እስኪሰወር ቆማ አየች። የመንገደኛው ምርቃት ለዳውድ የሚደርሰው ከሆነ፣ የመንገደኛው ሕመምስ ለማን ይደርሳል?

ጋኖቹን አንድ በአንድ አዘንብላ ደፋቻቸው። ከታች የቀረውን ለስላሳ ደለል በእጇ ዝቃ በኒሙ ሥር አፈሰሰችው፤ ጋኖቹንም ገልብጣ አስቀመጠቻቸው።

ፀሐዩ ግን አልበረደም። ከስደት ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰዎች እየመጡ ኩባያውን ያነሣሉ፣ የተገለበጠውን ጋን ያንኳኳሉ። አንዲት ጨቅላ ያዘለች ሴት ከመንገዱ ማዕዘን ቧንቧው ፈንድቶ ካቆረው ውኃ በመዳፏ ስትጨልፍ ሙሚና ሮጣ ደረሰችባት።

«እኅቴ፣ ስለ አላህ፣ ይህን አትጠጪ!»

«ምን ልጠጣ ታዲያ?»

ሙሚና ወደ ተገለበጡት ጋኖቿ ዞር ብላ አየች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጠጣች።

ኦመር ከክሊኒክ የተመለሰው ግማሽ አካሉን እዚያው የተወ መስሎ ነው። በሙሚና በር ላይ ቁጭ እንዳለ የተገለበጡትን ጋኖች አይቶ ፈገግ አለ።

«ያ ሙሚና፣ ዳውድን አስጠማሽው እንዴ?»

ሊያስቃት ብሎ ነበር፤ እርሷ ግን አልሳቀችም። የኒም ጭራሮ ለቅማ ለራሷ ያፈላችውን ውኃ አምጥታ ሰጠችው፤ በጀበናው ውስጥ የነበረው ያው አንድ ብርጭቆ ነው። ኦመር በዝግታ ጠጣ። ከኋላው ሁለት መንገደኞች ቆመው ብርጭቆውን ይመለከቱ ነበር። ባዶ ሲሆን አንደኛው ተራ ደረሰኝ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አልቋል» አለች ሙሚና።

ሰዎቹ ወደ ማዕዘኑ ሄዱ።

በበነጋው ጋኖቹ ቀና ብለው ቆመዋል፤ ከቧንቧው የወረደውም ውኃ አድሮ እንደ ወትሮው ጠርቷል። ከማዕዘኑ ፍሳሽ ይሻል እንደሆነ አታውቅም፤ ይሻል ይሆናል ከማለት በቀር ሌላ አልነበራትም። አንድ ወጣት መንገደኛ ኩባያውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ፣ አፉን በእጅጌው ጠርጎ፣ እንደ ልማዱ ጠየቃት።

«የማን ነው እናቴ? ዱዓ ላድርግለት።»

ሙሚና ኩባያውን ተቀብላ ክዳኑ ላይ ደፋችው።

«ለራስህ አድርግ፣ ልጄ» አለችው።