ዲስኩን ያስበሳሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ፣ ይቺን ዘልዬ ተነሥቻለሁ።

የወንድሜ የሳምሶን አሮጌ መኪና የፊት ፍሬን ዲስኮቿ አልቀው ነበር። እሱ ሥራ ስለሚበዛበት፣ እኔ ደግሞ አነባለሁ ስለምል፣ አንተ ምረጥልኝ አለኝ። ያኔ ሳምንት ሙሉ በስልኬ የውድድር መኪኖች ሳይ ነበር የከረምኩት። ዲስካቸው ዙሪያውን የተበሳ ነው። አየር ጤና ያለው የመለዋወጫ ነጋዴ ግን ለዚች መኪና የተበሳ የለም፣ ከቤት ወደ ሥራ ለምትመላለስ መኪና ያልተበሳው፣ ደፍኑ ይበቃል አለኝ። ደፍኑን ገዛሁ። በቀጥታ ወደ ጋራዥ ብወስደው ምን ነበረበት? እኔ ግን ኮልፌ ቶርኖ ቤት ወሰድኩትና በትራፓኖ አስበሳሁት። ስለ ብረት ምን አውቃለሁ? ምንም። ማማሩን ብቻ ነበር ያየሁት።

ጋሽ ተክሌ፣ የሰፈራችን መካኒክ፣ ሲያዩት ሳቁ። ግጥም ስለምጽፍ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«ገጣሚው፣ ይሄ ዲስክ ነው ወንፊት?»

ከዚያ አውራ ጣታቸውን በአንዱ ቀዳዳ ሻካራ ጠርዝ ላይ አዙረው ሳቃቸውን ተዉት። «የፋብሪካ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ከዱባይ የመጣ ነው።»

ዋሸሁ። ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸሁ። እሳቸውም አምነው አሰሩት።

ወር ሳይሞላ፣ ዘነበወርቅ ቁልቁለት ላይ፣ ሳምሶን ፍሬን ሲይዝ ዲስኩ ተሰበረ። መኪናዋ ከግንብ አጥር ጋር ተጋጨች፤ የሱም ጉልበት ተሰበረ። ስደርስ ጎማው ወልቋል። ስንጥቁ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየዘለለ እስከ ዳር ሄዷል። ከኔ ቀዳዳ ወደኔ ቀዳዳ። አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ የደነገጥኩት ለወንድሜ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። ጠጣሁት።

ሳምሶን ከሐኪም ቤት እንደወጣ በክራንች ጋራዡ ድረስ ሄደ። እኔ ነኝ የደገፍኩት። ዕድሜ ልኩን አንቱ ሲላቸው የኖረውን ሰው፣ ደንበኞቻቸው ፊት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ገድለኸኝ ነበር እኮ» አላቸው።

ጋሽ ተክሌ ወደ እኔ ዞሩ። ጠበቁኝ። ቃል አያጥረኝም እያልኩ የምኩራራው እኔ፣ አፌን መክፈት አቃተኝ። አቃተኝ ነው ወይስ አልፈለግሁም?

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

እስከ ዛሬ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። አዘኑልኝ? ወይስ ጣታቸው የነገራቸውን እያወቁ በማሰራቸው በራሳቸው ፈረዱ? አላውቅም። የማውቀው ሾፌሮቹ አንድ በአንድ እንደሸሿቸው፣ ጋራዡም ለፋሲካ ሳይደርስ እንደተዘጋ ነው። አሁን ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንገናኝ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ሳምሶን ሌላ መኪና ገዛ። ደረጃውን እያነከሰ እየወጣ፣ «ከእንግዲህ መካኒክ አላምንም፣ ፍሬኑን አንተ ነህ የምትመርጥልኝ» አለኝ።

እሺ አልኩት። እሺ አልኩት እኮ። ሰው ነኝ እኔ?

ልጅ ነበርኩ፣ ብረት አላውቅም ነበር አልልም። ጋራዡ ውስጥ ሲጠብቁኝ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ዛሬ ሳምሶን ከሥራ ሲመለስ ይህን ወረቀት አነብለታለሁ። ጋሽ ተክሌ፣ እርስዎን ገና ይቅርታ አልጠይቅዎትም። የምጠይቅዎ እሱ ደጃፍዎ ቆሞ እንደገና አንቱ ካለዎት በኋላ ነው።