በሙሉ ድምፅ የተወሰነበት ነፍሰ ገዳይ

እስካሁን ሳስታውሰው ምራቄን የሚያስተፋኝ አንድ ስብሰባ አለ። በደርግ ዘመን ናዝሬት አስተማሪ ሳለሁ አንድ የፈረንሳይ የወንጀል ታሪክ ለሬዲዮ ድራማ አዘጋጅቼ ነበር። መጽሐፉ የአባቴ ነው። አባቴ ዕድሜውን በምድር ባቡር የጨረሰ፣ ፈረንሳይኛውን ከአለቆቹ ስድብ የለቀመ ሰው ነበር። ልጅ ሳለሁ እያነበበ በአማርኛ ይተርክልኝ ነበር። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው በኋላ ያ ታሪክ በሬዲዮ ሊተላለፍ ነው ስለው ደስታው ልክ አጣ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሀብታም ሽማግሌ ተመርዞ ይሞታል። ሁሉም ወራሹን የወንድሙን ልጅ ሲጠረጥር፣ ገዳይዋ ሃያ ዓመት ያገለገለችው የቤት ሠራተኛ ሆና ትገኛለች። አባቴ እሷን ይወዳት ነበር። «አየህ፣ ማንም ዞር ብሎ አላያትም» ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል እሑድ ከሰዓት በኋላ ተላለፈ። ማክሰኞ የቀበሌያችን የውይይት ክበብ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ካድሬ ተነሣና፣

«ጓድ መምህር፣ ገዳዩ ማነው?» አለኝ።

«ሠራተኛዋ ናት» አልኩ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ።

ካድሬው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጭቁን ሠራተኛ ሰው አትገድልም! የሚገድለው በዝባዡ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ወራሹ ነው። የሚደግፍ?»

ግማሹ ሰው ሬዲዮ እንኳ የለውም። ግን እጁን ያላነሣ አልነበረም። መጽሐፉን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም አነሣሁ። «የሚቃወም? ድምፀ ተአቅቦ?» የለም። በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት። ፈረንሳይ አገር የሞተው ሰውዬ ገዳይ ናዝሬት ላይ ተወሰነ።

«ቀጣዩን ክፍል በዚሁ መሠረት አስተካክል» ተባልኩ። ሁለተኛው ክፍል ገና ስላልተቀዳ አስተካከልኩ። ይህስ ባልከፋ፤ ፍርሃት ነው እንበል። ግን ማንም ሳያዘኝ ለወራሹ አንድ ገጽ ሙሉ ኑዛዜ ጨመርኩለት፦ የመደቡን ስግብግብነት ሲረግም፣ ለሰፊው ሕዝብ ፍርድ ራሱን ሲያስረክብ።

ሁለተኛው ክፍል በሚተላለፍበት እሑድ አባቴ ሦስት የምድር ባቡር ጡረተኞች ጋብዞ ነበር። ታሪኩን አስቀድሞ ስለነገራቸው የሠራተኛዋን መያዝ ነበር የሚጠብቁት። ወራሹ መናዘዝ ሲጀምር ተያዩ። አንደኛው «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!» ብሎ በሣቅ ፈረሰ። አባቴ አልሣቀም። በዳበሳ ሬዲዮኑን ፈልጎ ዘጋው።

«ይኼን ማነው ያበላሸው?» አለኝ።

«አዲስ አበባ ያሉት የሬዲዮ ሰዎች ናቸው፣ አባባ።»

ፊቱ ወዲያው ፈካ። ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ «አላልኳችሁም? የእኔ ልጅ እንዲህ ያለ ውሸት አይጽፍም» አላቸው።

ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «አይዞህ ልጄ» አለኝ።