ተቀባይ ያጣች ዘፈን

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢመዘን ስንት ይሆናል? የሠራው ሥራ ሁሉ የተቀመጠው ጉሮሮው ውስጥ ብቻ ከሆነስ?

ሥርጉት ይህን ጥያቄ ስትሸሸው የከረመችው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1985 በጸደይ ወራት፣ ሐኪሙ "እባጩን እናወጣዋለን፤ ስለ ድምፅሽ ግን ቃል አልገባም" ካላት ቀን ጀምሮ ነው። ቀጠሮው ለዓርብ ነበር። ከምትኖርበት ሰፈር ከዌስተን በአውቶቡስ ወደ ሥራ ስትሄድ በየፌርማታው ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፤ ድምጿ በቦታው መኖሩን ለማረጋገጥ።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት፣ ለትምህርት ወደ ፈረንጅ አገር በመጣች ሰሞን፣ ዮርክቪል በሚባለው የከተማው ሰፈር ቡና ቤቶች ውስጥ ክራሯን ታቅፋ ትዘፍን ነበር። ፀጉራቸውን ያንዠረገጉ ሂፒዎች ወለሉ ላይ ተዘርፍጠው ያዳምጧታል። "ወንዙ ጎደለ ወይ?" ብላ ስታወጣ፣ በተጣመመ አማርኛ "ገና ነው፣ ገና!" ብለው ይቀበሏታል። ድምጿ ጣሪያ የሚነቀንቅ አልነበረም። ግን መጠየቅ ያውቅበታል። ስንቱ ዘፋኝ መልሱንም ራሱ ይነጥቃል፤ እሷ ጠይቃ ዝም ትላለች፣ ትጠብቃለች፤ በዚያች ዝምታ ውስጥ ቤቱ ሁሉ ወንዝ ዳር ይቆማል።

አንድ ሸክላ አሳታሚ፣ "ተቀባዮቹን ተያቸው፤ ያንቺ ድምፅ ይበቃል" ቢላት፣ "ብቻውን እየጠየቀ ብቻውን የሚመልስ ዕብድ ነው" ብላው ወጣች። ሸክላው በዚያው ቀረ። በኋላ ጌታን ስታገኝ ክራሩም ቀረ።

ረቡዕ ዕለት የመዘምራኑን መሪ ውብአለምን ኮል አደረገቻት።

"ነገ ልጆቹን ይዘሽልኝ ነይ። እኔ አወጣለሁ፣ እናንተ ትቀበላላችሁ።"

"የቱን መዝሙር?"

"መዝሙር አይደለም።"

"ኧረ እትዬ ሥርጉት! ዘፈን? ከመዘምራን ልታስባርሪኝ ነው?" ውብአለም ሳቀች። "በይ ወንዙን ዮርዳኖስ በይው፤ ያኔ ጋሼ ካሳዬም አይቆጡም።"

"ዮርዳኖስን የት አውቄው? እናቴ ለመሻገር እስኪጎድል የጠበቀችው የኛን ወንዝ ነው።"

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።"

ሐሙስ ማንም አልመጣም። ኩሽናዋ ውስጥ ቆማ አንዴ አወጣችው። የመለሰላት የፍሪጁ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች።

ዓርብ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ ካሳዬ፣ ውብአለምንና አምስት መዘምራን አስከትለው ሆስፒታል መጡ። ዘይት ቀቧት፣ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። እሳቸው ባወጡ ቁጥር ስድስቱ ባንድ አፍ "አሜን!" ይላሉ፤ እንዴት ያለ አቀባበል! ሥርጉት ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። ነርሷ አልጋውን ልትገፋ ስትመጣ የጋሼ ካሳዬን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች።

"ጋሼ፣ እባክዎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ልጠይቅ፣ እነሱ 'ገና ነው' ይበሉኝ። ከዚያ ይውሰዱኝ።"

ስድስቱም ጋሼ ካሳዬን አዩ። ጋሼ ካሳዬ ጫማቸውን አዩ።