በቀን የሚያውደው ኦርኪድ

ትልቋ ልጄ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የኦርኪዷን ቅጠል በረጠበ ጥጥ ትጠርጋለች። ቅጠሉን በግራ መዳፏ ትደግፍና፣ የሕፃን ጆሮ እንደምታጸዳ እናት፣ ከሥሩ ወደ ጫፉ ቀስ እያለች ትወለውለዋለች። ተክሉ አሮጌ ነው፤ አበባው ትንሽ፣ ነጭና ቀጭን። ቀን ቀን ምንም አይሸትም። ሲመሽ ግን ቤቱን በመዓዛ ይሞላዋል። የአካባቢው አበባ አዳቃይ ሁሉ ለማዳቀያ ከእሱ የአበባ ዱቄት ወስዷል፤ ማንንም ከልክላ አታውቅም።

ልጄ የኦርኪድ ዳኛ ናት። ቤተሰቡ «ሚዛኗ» ይላታል፤ ገና በልጅነቷ ዳቦ ስትቆርስ እንኳ የወንድሟንና የራሷን ቁራሽ ጎን ለጎን አስተያይታ ነበር የምትሰጠው። ድቅል አበባ ሲቀርብላት ማማሩን ብቻ አታይም። እናቱ ማን ናት፣ አባቱ ማን ነው፣ ከእነሱ ምን አሻሻለ ብላ ትጠይቃለች። «ከወላጆቹ ካልበለጠ ለምን ተወለደ?» ትላለች። ይህን ስትል እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ ወልጄ የማውቅ ሰው ነኝና።

ታናሽ ወንድሟ አበባ በሚያባዛ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ከእሷ ተክል በስቴኪኒ ዱቄት ወስዶ፣ ሰፊ ሐምራዊ አበባ ካላት ሌላ ኦርኪድ ጋር አዳቀለ። ኦርኪድ ከዘሩ ተነስቶ እስኪያብብ ዓመታት ይፈጃል። ጠበቀ። ሲያብብለት አለቃው፣ «ከተሸለመ እናባዛዋለን፤ የማዳቀያውን ክፍልም ላንተ እሰጥሃለሁ። ካልተሸለመ ግን ቦታውን ለጽጌረዳ እፈልገዋለሁ፤ አንተም ወደ ማሸጊያ ትሄዳለህ» አለው።

ለእህቱ አልነገራትም። «ምነው ልጄ?» ብዬ ስጠይቀው፣

«እማዬ፣ የዘመድ አበባ ሲቀርብ ዳኛ ከወንበሩ ይነሳል። እሷ ተነስታ ብሸለም ምን ዋጋ አለው? ሚዛኗ ራሷ መዝና ትስጠኝ» አለኝ። አበቦቹ የሚቀርቡት ያለ ባለቤት ስም ነው፤ የወላጆቻቸው ስም ብቻ ይጻፋል።

በውድድሩ ቀን ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ሌሎቹ ዳኞች ወደዱት። አንዱ መላጣ ሽማግሌ አፍንጫውን አስጠግቶ፣ «ቀለሙ የእናቱ፣ ቅርጹ የአባቱ፣ ደግሞ መዓዛው!» አለ። ልጄ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ራሷን ነቀነቀች።

«አባቱን እኔ ቤት ነው ያሳደግሁት። የእሱ መዓዛ ጎረቤት ድረስ ይሄዳል። ይሄ የእሱ ጥላ ነው። ወረደ እንጂ አልበለጠም።»

ሽማግሌው «አንቺ ካልሽ ምን እንላለን» ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሽልማቱ ለሌላ ሄደ።

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት።

«እሜቴ ሚዛን፣ ዲቃላዬን ጣልሽልኝ አይደል?»

«ያንተ ነው እንዴ?» ፊቷ አመድ መሰለ።

«ስንት ሰዓት ላይ አሸተትሽው?»

«አሁን ነዋ፣ በእኩለ ቀን።»

«አባቱስ በእኩለ ቀን ይሸታል?»

ወደ አዳራሹ በር ዞር ብላ አየች።

«የአባቱን ማታ ከልጁ ቀን ጋር መዘንሽው። አባቱ ቀን በድን ነው። ይሄ ፀሐይ ላይ ያውዳል። አባቱ ያልቻለውን የቻለ ልጅ ነው ወረደ ያልሽው!»

ተመልሳ ገባች። እንደገና ይታይ ብላ ዳኞቹን ጠየቀቻቸው። «የወንድምሽ ከሆነማ ስለሱ መናገር አትችይም» አሏት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

አለቃው ቦታውን በጽጌረዳ ሞላው። ወንዱ ልጄ በንዴት የድቅሎቹን ስም የተጻፈበትን ላስቲክ እየነቀለ፣ መንገድ ዳር ለሚሸጡ ሰዎች አደላቸው። አሁን ካርቶን ያሽጋል። እህቱ በፊት ለፊት በር ስትገባ እሱ በጓሮ ይወጣል። ሁለቱን በአንድ ገበታ ካየኋቸው ቆየሁ። እሷ ደግሞ በምሳ ሰዓት መንገድ ለመንገድ እየዞረች የሰው የአበባ ማሰሮ ታሸታለች። ሻጮቹ «ንቧ መጣች» እያሉ ይስቁባታል። ድቅሉን እስካሁን አላገኘችውም።

እሷ ኩራተኛ ናት፤ ሰው አትለምንም። እኔ ግን እለምናችኋለሁ። መንገድ ዳር የገዛችሁት ስም የለሽ፣ ቀጭን ሐምራዊ ኦርኪድ ቤታችሁ ካለ፣ ሲያብብ በእኩለ ቀን ጠጋ ብላችሁ አሽትቱልኝ። ካወደ፣ አንዲት ቁራጭ ከነሥሯ ቆርጣችሁ ላኩልኝ፤ ቤቴን አበባ ሻጮቹ ሁሉ ያውቁታል። ልጆቼን ያስታርቃቸዋል ብዬ አይደለም፤ ይህን ተስፋ ማድረግ ትቻለሁ። ብቻ ተክሉ ውሃ አጥቶ ሳይደርቅ አድርሱልኝ።